የተረጋጋ ፊርማ

የማስተምረው ትምህርት «የሙያ አሠራር መግቢያ» ይባላል። አሥራ አራት ሳምንት ይፈጃል። የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት አቀማመጥ አስተምራለሁ፤ ከዚያ አምስት ሳምንት አተነፋፈስ፤ ሁለት ሳምንት ሕግ፤ የቀረው ልምምድ ነው። ስለ ሕንፃ የምናወራው ተማሪ ከጠየቀ ብቻ ነው፤ የሚጠይቅም እምብዛም የለም። ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ተምረው፣ አርክቴክት ተብለው የሚመጡልኝ ልጆች ናቸው፤ መቀመጥ ግን አይችሉም። እግራቸውን ያወዛውዛሉ፣ ጥፍራቸውን ይበላሉ፣ ስልካቸው በጮኸ ቁጥር ልባቸው አብሮ ይዘላል። እኔ የምጀምረው ከዚያ ነው።

ስሜ ኤፍራታ ነው፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ። እኔ ስወለድ ይሄ ስም የሕፃን ስም ነበር፤ ዛሬ «እትዬ ኤፍራታ» እየተባልኩ ስጠራ ተማሪዎቼ ከጥንት ዘመን የመጣሁ ይመስላቸዋል። የእነሱ ስም ደግሞ ዘለቃሽ፣ በላቸው፣ የሺመቤት ሆኗል። እኛ የሸሸነውን ስም ልጆቻችን ቆንጆ ነው ብለው መለሱት። እኔ ምን አገባኝ፤ ጠዋት ጠዋት ስም ስጠራ ብቻ የአያቶቼን የዕድር አባላት የምጠራ ይመስለኛል።

ሥራችን አጭር ነው። ሕንፃውን ነዳፊው ይነድፈዋል፤ ማሽኖች ይሠሩታል፤ እኛ እንፈርማለን። ነዳፊው የት እንደሚቀመጥ ጠይቄ አላውቅም፤ የጠየቀ ሰውም አላውቅም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፊርማ ቤት እንገባለን፣ ጫማችንን አውልቀን ነጠላ ጫማ እናደርጋለን፣ ተራችን ሲደርስ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለን አውራ ጣታችንን የልብ ምት በሚለካው ሳህን ላይ እናሳርፋለን። ከፊታችን የሕንፃው ሥዕል ቀስ እያለ ይዞራል። የሚሰጠን አምስት ደቂቃ ነው። በአምስቱ ደቂቃ ውስጥ ልባችን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ከሰባ ሁለት በታች ከመታ ሳህኑ አረንጓዴ ይበራል፤ ሕንፃው ተፈረመ ማለት ነው። እኔ በቀን ሦስት እፈርማለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፈርሜያለሁ።

ሕጉ የወጣው ለበጎ ነበር፤ ይሄን ለተማሪዎቼ ሳልናገር ቀርቼ አላውቅም። ድሮ ባለሙያ ተገዶም፣ ተደልሎም፣ ማኅተሙን አከራይቶም ይፈርም ነበር፤ ሕንፃም ሰው ላይ ይወድቅ ነበር። ስለዚህ ሕጉ «የምቀበለው የተረጋጋ ፊርማ ብቻ ነው» አለ። የሚዋሽ ሰው ልቡ ይመታል ተብሎ ነው። ልብ አልረጋ ካለ «የባለሙያ ጥርጣሬ» ተብሎ ይመዘገባል። በአንድ ሕንፃ ላይ ሁለት ባለሙያ ከተጠራጠረ ሕንፃው ይዘጋና መሠረቱ ተቆፍሮ ይታያል። ጀማሪ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ካልሆነለት፣ ሁለተኛ ሆኖ የሚቀመጠው አስተማሪው ነው። በአፍ «አልፈርምም» ማለት ግን ጥርጣሬ አይባልም፤ እምቢታ ነው። ጣትን ማንሳትም እምቢታ ነው። እምቢ ያለ ሰው ፈቃዱን ይነጠቅና ሕንፃው ለሚቀጥለው ክፍል ይተላለፋል። ሕጉ አፋችንን አያምንም፤ የሚያምነው ልባችንን ነው። እስከ ዛሬ ሲቆፈር ያየሁት ሕንፃ የለም።

እኛም ልባችንን መጠበቅ ያዝን። አርክቴክት ያለበት ቤት ያስታውቃል። በር በኃይል አይዘጋም፣ ልጅ አይቆጡበትም፣ ዜና አይከፈትበትም። ለአርክቴክት መርዶ የሚነገረው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ወንድሜ ማክሰኞ ሞቶ የዚያኑ ዕለት ተቀበረ፤ ለእኔ የነገሩኝ ዓርብ በአሥር ሰዓት ነው። በመሀሉ ዘጠኝ ሕንፃ ፈርሜያለሁ። ቀብር ደርሰው የተመለሱት ጎረቤቶቼ ጠዋት ደረጃው ላይ ሲያገኙኝ «እንዴት አደርሽ» ይሉኝ ነበር፤ አንዳቸውም በፊታቸው ፍንጭ አልሰጡኝም። ሲነገረኝ አለቀስኩ፤ ሰኞ ሥራ ገባሁ። ያኔ እንኳ ቅር አላለኝም ነበር። አሁን አሁን ሳስበው አንጀቴ ይቃጠላል።

ሌላም ልማድ አለን። ጀማሪ መጀመሪያ በሚፈርመው ሕንፃ ውስጥ ለወላጆቹ ቤት ይሰጠዋል፤ የፊርማ ምርቃት እንለዋለን። ቤተሰብ እልል ይላል፣ በር ላይ ፎቶ ይነሳል። እናቴ የምትኖረው በእኔ የመጀመሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በገባች በሁለተኛው ክረምት ግድግዳው ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ ተሰነጠቀ። ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ፊርማዬ ውሸት ነበር ማለት ነው፤ ፈቃዴም ይሄዳል፣ እናቴም ትወጣለች። ቅዳሜ ጄሶ በባልዲ በጥብጬ ሄጄ ደፈንኩት። ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አንድ የሥራ ባልደረባዬን ጄሶ የነካው ባልዲ ጭኑ ላይ አድርጎ አገኘሁት። ሰላም ተባባልን፣ ስለ እናቶቻችን ጤና ተጠያየቅን፤ የባልዲውን ነገር ማንሳት አላስፈለገም። ዛሬ ቅዳሜ ሲሆን የከተማው አርክቴክት ግማሹ ባልዲውን አንጠልጥሎ ወላጆቹን ሊጠይቅ ይወጣል።

ዘለቃሽ የመጣችው ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። የግንበኛ ልጅ ናት፤ ሃያ አራት ዓመቷ፣ ቀጭን፣ ሰው ስታነጋግር ዓይን ዓይኑን የምታይ። አቀማመጡንም አተነፋፈሱንም ከሁሉም በላይ ትችላለች፤ በልምምድ ልቧን ስልሳ ላይ ስታቆመው ክፍሉ ሁሉ ይቀናባት ነበር። የደረሳት የመጀመሪያ ሕንፃ ከከተማው በስተደቡብ፣ ዋልካ መሬት ላይ የተሠራ ባለ አሥራ አራት ፎቅ ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤተሰብ ይገባበታል፤ አንደኛው የእሷ ቤተሰብ ነው። የወላጆቿ ቤት ለመንገድ ፈርሶ ስምንት ወር ሙሉ ቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ ናቸው፤ እናቷ ደግሞ ሳንባዋን ታማለች። ፊርማው ለመስከረም መጨረሻ ሰኞ ሲቆረጥ ከእሷ ይልቅ እኔ ደስ አለኝ።

ሰኞ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ልቧ መቶ አሥራ ስምንት መታ። አምስቱ ደቂቃ ሲያልቅም መቶ አሥራ ስምንት ነበር።

ወደ መለማመጃ ክፍሌ ወሰድኳትና በሩን ዘጋሁ። «ምን ሆነሽ ነው? ቁርስ ሳትበዪ ነው እንዴ የመጣሽው?»

«ቁርስ አይደለም፣ እትዬ ኤፍራታ። ሕንፃውን ሄጄ አይቼዋለሁ።»

የሚፈርመውን ሕንፃ ሄዶ ያየ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። አልተከለከለም፤ ግን ነውር ነው። ነዳፊውን አላመንኩም ብሎ በአደባባይ እንደ መናገር ነው።

«ምን ቆርጦሽ?»

«አባቴ ነው ሂጂ ያለኝ። የሚገባበትን ቤት ማየት ፈልጎ ቱንቢውን አስይዞ ላከኝ።» ቦርሳዋን ከፍታ አሳየችኝ። ክር ላይ የተንጠለጠለ ሾጣጣ ብረት ነው፤ ድሮ ግንበኞች ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚለኩበት። «ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ከዘጠነኛው ፎቅ በደረጃው መሀል ቁልቁል ለቀቅኩት። ሕንፃው ሁለት ጣት ያህል አጋድሏል። ማሽኖቹ ሲሠሩት የተሳሳቱ መስሎኝ ዝም አልኩ። ትናንት ደግሜ ለካሁት። አራት ጣት ሆኗል።»

«ነዳፊው እሱን ሳያስበው ይቀራል ብለሽ ነው?»

«የአፈር ምርመራውን ከየት እንዳመጣው አይተዋል? ለሰፈሩ አርባ ሕንፃ በሙሉ የተቆፈረው ጉድጓድ አንድ ነው። እሱም ከመንገዱ ማዶ፣ ቀዩ አፈር ላይ ነው። የእኛ ሕንፃ ያለው ዋልካው ላይ ነው።»

«ይሄን ማን ነገረሽ?»

«ከሥዕሉ ጋር ተያይዟል፣ እትዬ። የሚከፍተው የለም እንጂ አልተደበቀም።»

ተናደድኩ። በእሷ ይሁን በራሴ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ሃያ ሺህ ከሚበልጥ ፊርማ ውስጥ ያንን ገጽ አንድ ጊዜ እንኳ አልከፈትኩትም። በማግስቱ ሥራ ስንጨርስ አብሬያት ሄድኩ። ስህተቷን አሳይቻት ልገላገል ነበር ሐሳቤ።

ሕንፃው አዲስ ነው፤ የበሮቹ ላስቲክ ገና አልተላጠም። ዙሪያው ጥቁር ጭቃ ሆኖ ጫማዬን ዋጠው። ዘለቃሽ ወደ ላይ ወጣች፤ እኔ ታች ደረጃው ሥር ቆሜ ጠበቅኩ። ክሩ ቀስ እያለ ወረደ። ብረቱ ትንሽ ተወዛወዘና ቆመ። ላይ ቤት ክሩ ከግድግዳው አንድ ክንድ እንዲርቅ ይዛዋለች፤ እኔ ጋ ሲደርስ ክንዱ አልሞላም። የጎደለውን በጣቴ ለካሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ደግሜ ለካሁት። ከአምስቱ ዓመት በየትኛው እንደተማርኩት ባላስታውስም አንድ ነገር አልረሳሁም፤ ያጋደለ ሕንፃ አንድ ነገር ነው፣ እያጋደለ ያለ ሕንፃ ግን ሌላ ነገር ነው።

ዞር ስል የደረጃው ጥግ ላይ ነጭ መስመር አየሁ። በጥፍሬ ፋቅ አደረግኩት። ገና ያልደረቀ ጄሶ ነው። ሰው አልገባበትም፤ ባልዲ ይዞ የመጣም የለም። ማሽኖቹ ራሳቸው መድፈን ጀምረዋል። ከማን ተማሩት ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«አዩት?» አለች ዘለቃሽ ከላይ።

«አየሁት» አልኳት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብታምኑም ባታምኑም ደስ አለኝ፤ ይሄ እጅ ለካ አሁንም ይንቀጠቀጣል አልኩ።

ረቡዕ ዘለቃሽ ለሁለተኛ ጊዜ ተቀመጠች፤ መቶ ሃያ መታ። አቶ ያፌት አስጠራኝ። የፊርማ ቤታችን ኃላፊ ነው፤ በአሥር ዓመት ያንሰኛል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«ልጅቷ ምን ነካት?» አለኝ። «የእርስዎ ምርጥ ተማሪ ነበረች እኮ።»

«አቶ ያፌት፣ ሕንፃው እያጋደለ ነው። ሄጄ አይቼዋለሁ፤ በሦስት ወር ውስጥ —»

እጁን አነሳ። ዓይኑን ጨፈነና በአፍንጫው አየር ሳበ፤ አራት ቆጥሮ አስወጣ። እኔ ነኝ ያስተማርኩት፤ አወጣጡ ላይ ስህተት አልነበረበትም። «እትዬ ኤፍራታ፣ ይሄን ለእኔ አይንገሩኝ። እኔም ከሰዓት ተራ አለኝ» አለ።

«እና ለማን ልናገር?»

«ለወንበሩ። ወንበሩ ለዚህ ነው የተቀመጠው። ነገ ሦስተኛዋ ነው፤ ካልሆነላት ዓርብ በአራት ሰዓት እርስዎ ይቀመጣሉ። ጥርጣሬ ካለዎት ልብዎ ይናገራል፤ ሕንፃው ይቆፈራል። ሕጉ ይሠራል።» ከዚያ እንደ መሳቅ ብሎ፣ «እስከ ዛሬ ግን ልብዎ አላሳፈረንም» አለኝ።

እውነቱን ነው። ከቢሮው ስወጣ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ዘለቃሽ ነገም ይመታባታል፤ ያ አንድ ጥርጣሬ ነው። የእኔ ሁለተኛ ይሆናል። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤተሰብን ከዚያ ቤት ማስቀረት የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም የእኔ ልብ ከሰባ ሁለት በላይ ለአምስት ደቂቃ መምታቱ። ከባድ ነገር አይደለም። ደረጃ የወጣ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው።

ሐሙስ ዘለቃሽ ሦስተኛውን ወደቀች። አላለቀሰችም። ከሰዓት በኋላ «አባቴ ሊያነጋግርዎት ይፈልጋል» ብላ ወደ መጠለያው ወሰደችኝ።

መጠለያው ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ነው፤ ቤተሰብ ከቤተሰብ የሚለየው በመጋረጃ ነው። ከመጋረጃው በስተጀርባ እናቷ ስታስል ይሰማል። የሳንባ ሳል ነው፤ አንዴ ከጀመረ ቶሎ አይለቅም። አባቷ ጋሽ ሮቤል በርጩማ አቀረበልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ጣቶቹ ወፋፍራም ናቸው፤ ሲሚንቶ የበላቸው የግንበኛ ጣቶች።

«ነግራኛለች» አለኝ። «አራት ጣት። እኛ ሁለት ጣት ያጋደለ ግድግዳ ካገኘን አፍርሰን ነበር እንደገና የምንገነባው።»

«እኔም አይቼዋለሁ፣ ጋሽ ሮቤል።»

«ስንት ዓመት ይቆማል?»

«አላውቅም።»

«በግምት ይንገሩኝ እስቲ። እርስዎ የተማሩ ነዎት።»

«ክረምት በመጣ ቁጥር ዋልካው ያብጣል፣ በጋ ሲሆን ይሰነጠቃል። አምስት ክረምት ምናልባት። ሦስትም ሊሆን ይችላል።»

ወደ መጋረጃው አየ። ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቀ። «ሐኪሙ እዚህ ሁለተኛ ክረምት አትወጣውም ብሏል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሕንፃው ከተቆፈረ ደግሞ ሁለት ዓመት እዚህ ነን። ሦስት ዓመት ለእሷ ይበቃታል፣ ወይዘሮ ኤፍራታ። በደረቅ ክፍል ውስጥ፣ በመስኮት እያየች። ይፈርሙልን።»

«አባዬ» አለች ዘለቃሽ። «ሌሎቹስ?»

ጋሽ ሮቤል ጉልበቱን እያሸ መሬት መሬት ያይ ነበር። ሰውየው አላወቀም እንዳልል ከእኔ በላይ ያውቃል፤ ክፉ ነው እንዳልል ሚስቱን የሚወድ ሰው ነው። ግን ተነስቼ ስወጣ ልቤ ቆርጦ ነበር፤ አልፈርምም ሳልል እንዳይፈረም አደርጋለሁ አልኩ። ዘለቃሽ እስከ በር ሸኘችኝ። «እኔ ፈልጌ አይደለም የመታው» አለችኝ። «ይመኑኝ፣ ለእናቴ ስል ልቤን ለምኜው ነበር።»

«አውቃለሁ። ነገ የእኔም ይመታል» አልኳት።

ዓርብ ጠዋት በሕይወቴ አድርጌ የማላውቀውን ሁሉ አደረግኩ። ዜና ከፈትኩ፤ ጮክ አድርጌ። ቁርስ አልበላሁም፤ በባዶ ሆዴ ሦስት ስኒ ጥቁር ቡና ጠጣሁ። ታክሲ ውስጥ ከአንዱ ጎረምሳ ጋር ያለ ምክንያት ተጣላሁ፤ እሱ ይቅርታ ጠየቀኝ እንጂ ሊጣላኝ አልፈለገም። ፊርማ ቤቱ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱን ትቼ በእግሬ ወጣሁ፣ ሁለት ሁለት ደረጃ እየረገጥኩ። አምስተኛው ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። ደስ አለኝ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይደልቅ ነበር፤ እንደዚያ ሲደልቅ የሰማሁት ልጅ ሳለሁ ነው።

ጫማዬን አወለቅኩ፣ ነጠላ ጫማ አደረግኩ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጣቴን ሳህኑ ላይ አሳረፍኩ። መቶ ስድስት።

የዘለቃሽ ሕንፃ ከፊቴ መዞር ጀመረ። ከመቀመጤ ጀርባዬ ራሱን አቀና። እኔ አላቀናሁትም። ትከሻዬ ወረደ፣ መንጋጋዬ ላላ፣ ምላሴ ከትናጋዬ ለቀቀ። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያው ወንበር ላይ በቀን ሦስት ጊዜ ያደረገውን ሰውነቴ እኔን ሳያማክር ማድረግ ያዘ። ዘጠና አራት።

እንዲህማ አይሆንም አልኩ። ትንፋሼን ያዝኩ። ስለቀው በአራት ቆጠራ ወጣ። ስለ ቱንቢው አሰብኩ፤ ክሩን ግድግዳው አጠገብ አየሁት። ሰማንያ አምስት። ወንድሜን አሰብኩ፤ ማክሰኞ ሲቀብሩት እኔ የት እንደነበርኩ። እዚሁ ወንበር ላይ ነበርኩ። ሰባ ዘጠኝ። ከዚያ የቀረኝን የመጨረሻ ነገር አሰብኩ። ሕንፃው ሲወድቅ አሰብኩ፤ በጠዋት፣ ሰው ቁርስ ላይ እያለ። ደረጃው መጀመሪያ ይናዳል። ጋሽ ሮቤል በዚያ ወፍራም እጁ የበር መቃን ሲይዝ አየሁት። ዘለቃሽ እናቷ ላይ ስትደፋ አየሁ። የሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤተሰብ ሰው አንድ በአንድ በዓይኔ መጣ፤ ምንም አላስቀረሁም፤ ጩኸቱን ሁሉ ሰማሁ። ግልጽ ነበር፣ የእውነት የሆነ ያህል። ሰባ አንድ። ስልሳ ስምንት።

አንድ ደቂቃው መቁጠር ጀመረ።

ጣቴን ማንሳት እችል ነበር። ይሄን እንድታውቁት እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው «ምን ታደርጊ፣ ሰውነትሽ ነው» ብሎ አጽናንቶኛል፤ ሐሰት ነው። ስድሳ ሰከንድ ሙሉ ጣቴ የእኔ ነበር። ባነሳው ፈቃዴ ይሄዳል፣ እናቴ በሰማንያ ሦስት ዓመቷ ከአራተኛ ፎቅ ዕቃዋን ይዛ ትወርዳለች፣ ሕንፃውም ለሚቀጥለው ክፍል ይተላለፍና በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይፈረማል። ምን ለወጥኩ? ይሄንን ሁሉ በተረጋጋ መንፈስ አመዛዘንኩት። ያሳመመኝ እሱ ነው፤ መረጋጋቴ። ስልሳ ስድስት ላይ ሳህኑ አረንጓዴ በራ።

ዘለቃሽ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

«ስንት ሆነ?»

«ስልሳ ስድስት።»

«ሲወርድ ይታወቅዎት ነበር?»

«ይታወቀኝ ነበር።»

አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ በወደድኩ። ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች። «እንግዲህ እኔም እዚያው እገባለሁ፤ ከእነሱ ጋር» አለች፤ ስለ ታክሲ ሰልፍ የምታወራ ያህል። ፈቃዷን በዚያው ዕለት ነጠቋት። ሦስት ጊዜ የተጠራጠረ ባለሙያ፣ ሁለተኛው ካልተጠራጠረ፣ ፈሪ ይባላል፤ ለሙያው አይሆንም ይባላል። ሕጉን የማስተምረው እኔ ነኝ፤ አንቀጹን በቃሌ አውቀዋለሁ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ገቡ። ሄድኩ፤ አለመሄድ አልቻልኩም። በሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው ብዛቱ ጉድ ነው። ፍራሽ የተሸከመ፣ ማሰሮ ያቀፈ፣ ሕፃን ያዘለ። ደረጃው ላይ ልጆች ይሯሯጣሉ። ጋሽ ሮቤል ከሕዝቡ መሀል አወጣኝና ሁለት እጄን ጨብጦ ሳመው። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ፤ ዓይኑን ግን ከዓይኔ አላገጠመም። ሚስቱ ስድስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች፤ አላሳላትም። ዘለቃሽ ዕቃ ትፈታ ነበር። ቀና ብላ «ይግቡ» አለችኝ፤ ወንበር ሰጠችኝ፤ ሻይ ሰጠችኝ። ስለ ሕንፃው አላወራንም። ስወጣ ሁለት መቶ አሥራ አንዱን ቤተሰብ ሰብስቤ ልንገራቸው ብዬ ደረጃው ላይ ቆሜ ነበር። አንዲት ሴት ማቀዝቀዣ ከባልዋ ጋር ተሸክማ «እትዬ፣ እባክዎ ያሳልፉን» አለችኝ። አሳለፍኳት።

ሰኞ አዲስ ተማሪዎች ገቡ፤ ሃያ ሁለት ናቸው። አቶ ያፌት ራሱ መጥቶ የዓርቡን የልብ ምት መስመሬን በስክሪኑ ላይ አሳያቸው። ከመቶ ስድስት ተነስቶ እንደ ለስላሳ ቁልቁለት እስከ ስልሳ ስድስት ይወርዳል። በፊርማ ቤቱ ታሪክ ከዚህ ከፍታ ተነስቶ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የረጋ ልብ የለም አላቸው። «ሙያ ማለት ይሄ ነው» አለና አጨበጨበልኝ። ከአሁን ወዲያ መስመሩ የትምህርቱ የመጀመሪያ ገጽ ይሆናል ተባለ።

እሱ ሲወጣ ከፊት ወንበር የተቀመጠ በላቸው የሚባል ልጅ እጁን አወጣ። «እትዬ ኤፍራታ፣ ያን ጊዜ ምን እያሰቡ ነበር?»

ልዋሽ አልፈለግኩም። ሠላሳ አንድ ዓመት ከዋሸሁ በኋላ ለአንድ ሰው እውነቱን ብናገር ይቀለኛል፣ ምናልባትም አንዱ ተነስቶ ይወጣል ብዬ አሰብኩ።

«ሕንፃው ሰው ላይ ሲወድቅ እያሰብኩ ነበር» አልኳቸው። «ውስጡ ያሉት ሁሉ ሲሞቱ። አንድ በአንድ።»

ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ፤ ጠበቅኩ። ከዚያ ሃያ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ጻፉት። በላቸው ጽፎ ሲጨርስ ቀና አለ፤ እንዳይሳሳት ነው።

«ሕፃናቱንም ጨምረን ነው የምናስበው?» አለኝ።